ማተቤ ከተበጠሰ በኋላ

ማተቤ የተበጠሰው ልብስ ሳጥብ ነው። እናቴ በገዛ እጇ የገመደችው ጥቁር ክር ነበር፤ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል የእንጨት መስቀል ተንጠልጥላበታለች። ለዓመታት ሳሙናና ላብ በልቶት አልቆ ስለነበር ሳፋው ላይ ጎንበስ ስል ተበጥሶ አረፋው ውስጥ ገባ። አወጣሁት፣ አለቅልቄም መስኮቱ ላይ አሰጣሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያው ቀን አዲስ ክር ፈልጌ አስር ነበር። ያን ቀን አላሰርኩም፤ በማግስቱም አላሰርኩም። ክሩንና መስቀሏን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

«ማተቡን በጠሰ» ማለት ምን እንደሆነ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻም። ካደ ማለት ነው፤ ቃሉ አይታመንም ማለት ነው። ማተብ የለውም የተባለ ሰው ዘንድ አደራ አይቀመጥም። እኔ ግን ያኔም እግዚአብሔርን አልካድኩም፣ ዛሬም አልካድኩም። ይህን የምጽፈው በእግዚአብሔር እያመኑ የየትኛውም ቤተ እምነት አባል ሳይሆኑ ለሚኖሩ፣ ወይም ወደዚያው እያመሩ መሆኑ እየታወቃቸው ለማንም ላልተነፈሱ ነው። እኔ በዚህ መንገድ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ያበላሸሁት ብዙ ነው፤ ያገኘሁትም አለ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ከላይ የእንጦጦ ማርያም ደወል፣ ከታች የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማናል። ከዘጠኝ ዓመቴ እስከ ሃያ ዓመቴ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። ከበሮ እመታለሁ፤ ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ጨርሼ አውቃለሁ። ይህን የምዘረዝረው «የወጡት ድሮም ቤተ ክርስቲያንን አያውቋትም» ሲባል ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው። አውቃታለሁ። እወዳታለሁም።

ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ እናቴ በጠና ታማ ነበር። ለሳምንታት ጡታቸውን ያጠቡት ጎረቤታችን ናቸው፤ እሳቸውም አራስ ነበሩ፣ ሙስሊም ናቸው። ለክርስትናው ድግስ በግ ሲታረድ ለእሳቸው ቤት ሌላ በግ በሙስሊም እጅ ታርዶ፣ ለብቻው ድስት ተጥዶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ይንተከተኩ ነበር፤ ማማሰያው እንኳ እንዳይቀላቀል እናቴ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ለእኔ ሃይማኖት ማለት ያ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን አስተማሪያችን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን እንደሌለ ሲያስተምረን እጄን አወጣሁና ስለ እኚያ ሴት ጠየቅኩት። ወንድሜን ያኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውስ? አለኝ፦ «እሱን ለእግዚአብሔር ተይለት።» መልካም ሰው ነበር፣ መልሱም ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ቃሉን እንደተናገረው ያዝኩት፤ ለእግዚአብሔር ተውኩለት። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚድንና ማን እንደማይድን ሊነግረኝ የሚነሳን ሰው ሁሉ፣ ጆሮዬ አልቀበል አለው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አብራኝ የምታድር ጓደኛዬ ጴንጤ ነበረች። ሁለት ዓመት ያህል በድብቅ አብሬያት ሄድኩ። ከእነሱ የወሰድኩትን አልረሳም፤ በገዛ ቃሌ፣ ከጓደኛ ጋር እንደማወራ ሆኜ መጸለይን የተማርኩት እዚያ ነው። ግን አንድ ምሽት ሁሉም በልሳን ሲጸልይ፣ ከንፈሬን እንዲያው በባዶው እያንቀሳቀስኩ ራሴን ያዝኩት። የምፈራው ሰዎቹን ነበር። እዚያም ደግሞ ያው የመዳን ጥያቄ መጣ፤ ይኼኛው ሲባስ እናቴን ውጭ የሚያስቀራት ሆነ። ተውኩት።

በዚያው ሰሞን፣ ግንቦት 1999 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ቆጠራ ነበር። ቆጣሪው ደጃፋችን ላይ ቆሞ «ሃይማኖት?» ሲል እናቴ «ሁላችንም ኦርቶዶክስ» አለች። በሩ ጋ ቆሜ ዝም አልኩ። በኋላ ውጤቱ ሲወጣ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.5 በመቶ ሆነ። ሦስቱ ብቻ ከመቶው 96 ያህሉን ይዘዋል። ከ43.5ቱ ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ። አገራችን ውስጥ ሃይማኖት አንድ ሰው የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ ነው የሚመልሰው። ለዚህ ነው መውጣቱ ይህን ያህል የሚከብደው።

ቀጥሎ ሦስት ዓመት የትም አልሄድኩም። ማንም ያላስጠነቀቀኝን ነገር እነሆ፤ መጀመሪያ የሄደብኝ ሰዓቱ ነው። እኛ ወሩን በቅዱሳን ስም ቆጥረን ነው ያደግነው። 12 ሚካኤል ነው፣ 21 ማርያም ነው፣ 29 በዓለ ወልድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ከሌላው ቀን ይለያል። ይህ ሁሉ ሲቀር 12 እንዲያው 12 ሆነች። እሑድ ሥራ የማይገባበት ቀን ሆነ። መጸለይም ተውኩ፤ እምነቴ አልሞተም፣ ግን መቼ ልጸልይ? ሁልጊዜ ይቻላል የተባለ ነገር ሁሌም ለነገ ይተላለፋል። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት «እምነቴ ጠፋ» ብሎ ይደመድማል። እኔም ደምድሜ ነበር።

አባቴ በ2003 ዓ.ም. ታመመ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈን የምናድር አስታማሚዎች ነበርን። አንድ ሌሊት ከጎኔ የነበሩት እናት ጠበል በሃይላንድ ይዘው ድርሳነ ሚካኤል ያነባሉ፤ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ መስገጃቸውን ዘርግተዋል፤ ማዶ አንዲት ልጅ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ጌታ ሆይ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ መሃላቸው ምንም ሳልይዝ ተቀምጫለሁ። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «አምላኬ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። የሚሰማኝ እንዳለ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ይህን ከዚህ አስበልጬ ማስረዳት አልችልም። አባቴ አልዳነም። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ፍትሐቱ ላይ ቆሜ ካህናቱ ሲያዜሙ ልቤ አብሯቸው ሄደ፤ ለአባቴ ምሕረት ሲለምኑ እኔም እለምን ነበር። በማላምንበት ቦታ የቆምኩ አልመሰለኝም።

ያን ሌሊት ካልኩት ቃል በቀር ያለኝ ስላልነበር፣ ከእሱው ጀመርኩ። ሰዓት መደብኩለት፤ ንጋት 11 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ሠፈራችን ውስጥ አዛኑም የኪዳኑ ደወልም ይሰማል፤ ሁለቱም ይቀሰቅሱኛል። ማድ ቤት ገብቼ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። የሴት አያቴን መዝሙረ ዳዊት ይዤ ነው። ገጾቹ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል፤ አንዳንዱ ገጽ እርስ በርሱ ተጣብቆ በጥፍር ነው የማላቅቀው። ሰሙ የበዛባቸው ገጾች እሷ አብዝታ ያነበበቻቸው ናቸውና በእነሱ እጀምራለሁ። ከዚያ በራሴ ቃል እጨምራለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለጀማሪ የምለው ይህን ነው፦ ስለምታምነው ነገር ሙሉ መልስ እስክታገኝ አትጠብቅ፣ ሰዓቱን ቀድመህ ያዝ። ያውም ከቤት ሰው ሰዓት ጋር የማይጋጭ፣ ሲታመሙም ሲደክሙም የሚቻል አጭር ሰዓት። እኔ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ እጸልያለሁ ብዬ ተነስቼ በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ወቀሳ ሰምቻለሁ። ፍልሰታን 15ቱንም ቀን ከእናቴ ጋር እጾማለሁ፤ «ካላመንሽበት ግብዝነት ነው» የሚለኝ አለ። ሹሮ ብቻ በሚቀርብበት ገበታ እኔ እንቁላል ጠብሼ ልበላ ነው? እናቴ ለምን እንደምጾም ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። ያላታለልኩት ሰው ፊት ግብዝ ልባል አልችልም። ሌሎቹን አጽዋማት አልይዝም።

መስጠት ግን ጉድለቴን አሳይቶኛል። ቤተ ክርስቲያን እያለሁ አሥራት የሚባል ነገር ነበር፤ ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር እጅ ኪስ ይገባል። ከወጣሁ በኋላ «ለተቸገረ በቀጥታ እሰጣለሁ» ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝና አንድ ቀን ዓመቱን መለስ ብዬ ደመርኩት፤ ከሁለት ቀን ደመወዝ ያነሰ ነበር። ማንም ስላልጠየቀኝ አልሰጠሁም። ስለዚህ አሁን ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ኪራይም አስቤዛም ሳልነካ፣ አንድ አሥረኛውን ወደ ሌላ የባንክ ደብተር አዛውራለሁ። የዚያ ገንዘብ ባለቤት እኔ አይደለሁም። ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛላቸው ሦስት የሠፈር ልጆች አሉ፤ የተረፈው ለመድኃኒት ይሆናል። ከሃይማኖት ተቋም የወጣ ሰው ተቋሙ ሲያደርግለት የነበረውን እየቆጠረ በእጁ መተካት አለበት። አለዚያ «እኔና አምላኬ» የሚለው ነገር ዞሮ ዞሮ እኔ ብቻ ይሆናል፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ከእድር አትውጡ። አንዳንዱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አፍሮ ከእድርም ከሠፈሩም ይሸሻል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። የእኛ እድር የሠፈር እድር ነው፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አለበት፣ መተዳደሪያ ደንቡም ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አይናገርም። ደንባችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። እኔ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀቃይ ነኝ። ሌሊት ስንዴና ባቄላ ሳማስል ማን ይቆርባል ማን አይቆርብም ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያልፈታሁት የመቃብሩን ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመቃብሩ ቦታ በአብዛኛው በሃይማኖት ተቋማት እጅ ነው፤ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አባል ያልሆነ ሰው ቤተሰብ በለቅሶ ሰዓት ይንገላታል። ባለቤቴ የሱን ክፍያ ሲከፍል የእኔንም አብሮ ይከፍላል። እንዴት እንደሚቀብሩኝ የወደድኩትን በወረቀት ጽፌ ለእሱና ለወንድሜ ሰጥቻለሁ። «እንደተመቻችሁ» ነው የሚለው፤ ሬሳዬ ሰው የሚጣላበት እንዲሆን አልፈልግም።

ጋብቻ የቀለለ ነበር። ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ ቤተሰቡ ተክሊል ቢሆን ደስ ይላቸው ነበር። ተክሊል ደግሞ ያለ ቁርባን አይሆንም። ሥጋ ወደሙን የማላምነውን አምናለሁ ብዬ መቀበል ነውር መስሎ ታየኝ፤ ለቁርባኑ ካለኝ ክብር የተነሳ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙ ናቸው። ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ናቸው። እኛ በየበኩላችን ሁለት ሁለት እማኝ ይዘን ሹሙ ፊት ፈረምን፤ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መረቁን። እናቴ ምርቃቱ ላይ አለቀሰች፤ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ሌላ እንደነበር አውቃለሁ።

ልጃችን ስትወለድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ብዙ አሰብኩበት። የአባቷ እምነት እውነተኛ ነው፤ የኔ ይብልጣል ብዬ ልከለክለው የምችልበት ምክንያት አላገኘሁም። የተስማማነው ግን በአንድ ነገር ነው፤ ስትጠይቀኝ አልዋሻትም። በስድስት ዓመቷ ጠየቀችኝ፦ «እማዬ፣ አንቺ ለምን አትቆርቢም?» «እግዚአብሔርን እወደዋለሁ፣ የማናግረው ማድ ቤት ነው» አልኳት። በማግስቱ ንጋት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ መጣችና እግሬ ሥር ተኮራመተች። ምንም አላለችም፤ እኔም ዳዊቴን ቀጠልኩ።

በጣም የሚያጸጽተኝ ለእናቴ የዋሸሁት አራት ዓመት ነው። እሑድ እሑድ ነጠላዬን ተከናንቤ እወጣና አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ እላለሁ። ቅዳሴ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቄ እመለሳለሁ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤት ትቀር ነበርና «ዛሬ ወንጌሉ ምን ነበር?» ትለኛለች። ለጓደኛዬ እየደወልኩ የተነበበውን እጠይቅ ነበር። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ ከኔ አፍ ወንጌል ስትሰማ ማየት! ይህን አታድርጉ። እውነቱ ከሚያስለቅሳት በላይ ውሸቱ እኔን አበላሸኝ፤ ንጋት ላይ ስጸልይ ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር።

የነገርኳት በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ጾምም በዓልም ያልነበረበትን ቀን መርጬ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀርብ ጀመርኩ። አንድ ነገር በትክክል አድርጌያለሁ፤ የማላደርገውን ከመንገሬ በፊት የማደርገውን ነገርኳት። ንጋት 11 ሰዓት እንደምነሳ፣ የአያቴን ዳዊት እንደማነብ፣ ለአባቴ ነፍስ እንደምጸልይ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ዓመታት መሆናቸውን፣ የእሑዱንም ሻይ ቤት፣ ወንጌሉንም። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው። ዝም አለች። እኔ የጠበቅኩት ስለ ሥላሴ፣ ስለ እመቤታችን ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር፤ መልስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። የጠየቀችኝ ሌላ ነው፦

«እኔ ስሞት ተዝካሬን ታወጪልኛለሽ?»

«አወጣለሁ፣ እማዬ።»

«አርባውንም? ፍትሐቱንም አታስቀሪብኝም?»

«ምንም አላስቀርም። ካህናቱን እኔ ራሴ ነኝ የምጠራቸው።»

ያኔ ነው ለብዙ ዓመታት ያልገባኝ ነገር የገባኝ። እናቶቻችን «ቤተ ክርስቲያን ተመለሺ» ሲሉን ስለኛ ብቻ አይጨነቁም። ከሞቱ በኋላ ማን እንደሚያስባቸው፣ ስማቸውን ማን በጸሎት እንደሚያስጠራ ይጨነቃሉ። ልጅ መውጣቱን ሲሰሙ ብቻቸውን የሚቀሩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ልትነግሩ ከሆነ በነገረ መለኮት ክርክር አትዘጋጁ። ለዚህ ጥያቄ የምትሰጡትን መልስ ይዛችሁ ግቡ፤ መልሱም ከልብ ይሁን፣ ቀኑ ሲደርስ የምትፈጽሙት ይሁን። ነገሩ በዚያ አላለቀም። በየወሩ በ21 ጧፍ ታበራልኛለች፣ የንስሐ አባቷንም ይዛብኝ መጥታ ታውቃለች። «ልጄ፣ በሩ ክፍት ነው» አሉኝ። አመስግኜ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ብዙ የምከራከራቸው ነገር ነበረኝ፤ እናቴ ፊት መከራከር ግን አልፈለግኩም።

በዚህ መንገድ ላይ ሳለሁ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ አዋሰኝ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ሲፋጁ ሸሽቶ ዋሻ ገብቶ ዳዊቱን ይዞ የሚጸልይ፣ ሁሉም የየራሱን ሃይማኖት ትክክል ካለ ማን ይፍረድ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሐተታውን የጻፈው ኢትዮጵያዊ ሳይሆን በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ የነበረ ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ከተነሳ ጀምሮ ክርክሩ አላባራም። የማንም ይሁን፣ ጥያቄዬ በግእዝ ተጽፎ ማግኘቴ ብቻዬን ያበድኩ እንዳልሆንኩ ነገረኝ። በጾም ላይ ያለውን ግን አልተቀበልኩትም፤ እሱ የሰው ሥርዓት ነው ብሎ ይነቅፈዋል፣ እኔ ከእናቴ ጋር የበላሁትን የፍልሰታ ሹሮ የሰው ሥርዓት ስለሆነ ብቻ አልተወውም።

ክርክር ውስጥ ብዙ አትግቡ። «ኢአማኒ ነሽ» የሚሉም፣ «ፈርተሽ ነው እንጂ እግዚአብሔር የሚባል የለም» የሚሉም ያገኟችኋል። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ አምናለሁ፣ እጸልያለሁ። ጠያቂው ከልቡ ከሆነ ሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቡና አፈላለታለሁ።

ያን ቀን ለእናቴ ንጋት 11 ሰዓት እንደምነሳ ነግሬያት አልነበር? ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ስልኬ አንዴ ጮኾ ቆመ። ሚስኮል ነበር፤ የእሷ ቁጥር። ደንግጬ መልሼ ደወልኩ። «ደህና ነኝ፣ ተነስተሽ እንደሆን ብዬ ነው» አለችኝ። በማግስቱም ደወለች፣ በሦስተኛውም ቀን። አሁን ዓመታት ሆኗል። እሷ ሽሮ ሜዳ ውዳሴ ማርያሟን ከመጀመሯ በፊት አንዴ ታስጮኸዋለች፤ እኔም ማድ ቤት ሆኜ አንዴ አስጮኽላታለሁ። ከዚያ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጥና ዳዊቱን እከፍታለሁ።